የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከድምፅ ስለሚዘገየው ከባድ ጥይት

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከባሕር ዳር፣ ከጎርጎራና ከፎገራ የደረሱን ናቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ባለፈው እትም በአጭሩ ከተጠቀሰ በኋላ ሌሎቹ እሱን ተከትለው ስለመጡ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ማቅረቡን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ይኖራል፤ ፈቃድ አውጥቶ በየዓመቱ አጋዘን ያድናል። ለፋሲካ ባሕር ዳር መጥቶ ሳለ «ከድምፅ የሚዘገይ ጥይት ቀለሃው ውስጥ ባሩድና አረር ራሴ እየሞላሁ አድናለሁ» ሲለን ቤተሰቡ ሁሉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። የጠመንጃ ጥይት ከድምፅ ሊዘገይ ይችላል? ቢዘገይስ ምን ይጠቅማል? እሱ ደግሞ «ሰፊ በርሜልና ከባድ አረር ከሌለ ዋጋ የለውም» ይላል። ይህስ ለምን ይሆን? (ከባሕር ዳር፣ በላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የአክስትዎ ልጅ አልቀለደም። ጠመንጃ ሲተኮስ ጆሯችን አንድ አድርጎ የሚሰማው ጩኸት በእርግጥ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ባሩዱ ተቃጥሎ የፈጠረው ጋዝ አረሩን፣ ማለትም ከጥይቱ ተወንጭፎ የሚሄደውን ክፍል፣ ተከትሎ ከአፈሙዙ ሲፈተለክ የሚያሰማው ፍንዳታ ነው። ሁለተኛው፣ አረሩ ራሱ ከድምፅ ቀድሞ አየሩን እየሰነጠቀ ሲያልፍ የሚፈጥረው ሹል ድምፅ ነው፤ በቡሄ ሰሞን ልጆች የሚያጮኹት ጅራፍ የሚጮኸውም ጫፉ ለቅጽበት ከድምፅ ስለሚፈጥን ነውና ነገሩ እንግዳ አይደለም። የድምፅ ማፈኛ በአፈሙዝ ላይ ሲገጠም የሚያበርደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ከአረሩ ጋር አብሮ ስለሚጓዝ፣ እሱን ለማስቀረት ያለው መንገድ አረሩን ከድምፅ በታች ማዘግየት ነው። ማፈኛ ሳይገጠም የተተኮሰ ዘገምተኛ ጥይት ግን ያው ይጮኻል፤ በፊልም እንደምናየው «ድምፅ የለሽ ጠመንጃ» የሚባል ነገር የለም። በአሜሪካ ማፈኛ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት ዘንድ መመዝገብ ያለበት ዕቃ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች ለአደን መጠቀም ተፈቅዷል። አዳኞቹ የሚመርጡትም በዋናነት የራሳቸውንና የውሾቻቸውን ጆሮ ለመጠበቅና በአቅራቢያቸው ያሉትን መንደሮች ላለመረበሽ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ አረር እንምጣ። አረር ይዞት የሚሄደው ጉልበት ከክብደቱ ጋር በቀጥታ፣ ከፍጥነቱ ጋር ግን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል፤ ስለዚህ ፍጥነት ሲቀነስ የሚጠፋው ጉልበት ብዙ ነው። በዓለም ላይ በስፋት ለአደን ከሚያገለግሉት ጥይቶች አንዱ የሆነው .308 ዊንቸስተር 9.7 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 860 ሜትር ገደማ ሲያስወነጭፍ፣ አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ወደ 3,600 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) ይይዛል። ለዘገምተኛ ጥይት ተብሎ የታወቀው .300 ብላክአውት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ጥይት አምራቾች ማኅበር መስፈርት የወጣለት፣ 14.3 ግራም አረር በሰከንድ 320 ሜትር ቢልክ የሚይዘው 730 ጁል ገደማ ብቻ ነው። ፍጥነቱን ከዚህ በላይ መጨመር አይቻልም፤ ጣሪያው ድምፅ ነው። የቀረው መንገድ ክብደት መጨመር ነው። በዚያው ፍጥነት የ.45-70 ጥይት 26 ግራም አረር ሲጭን ወደ 1,340 ጁል፣ .458 ሶኮም ደግሞ 39 ግራም የሚጠጋ አረር ሲጭን ወደ 2,000 ጁል ይደርሳል። እንዲህ የከበደ አረር በጠባብ በርሜል ይለፍ ቢባል ከመጠን በላይ መርዘም ስለሚኖርበት፣ ክብደቱ የሚገኘው ከውፍረቱ ነው።

ይህ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዘመድዎ በሚኖሩበት በኮሎራዶ ለትልልቅ እንስሳት የሚተኮስ ጥይት በ100 ያርድ ርቀት ላይ ቢያንስ 1,000 ፉት-ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 1,356 ጁል፣ ይዞ እንዲደርስ ሕጉ ያዛል። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ከዚህ ጋር ሲያነጻጽሩ ዘገምተኛው .300 ብላክአውት እጅግ እንደሚያንስ፣ ባለ 26 ግራሙ .45-70 ገና ከአፈሙዙ ሲወጣ ለጥቂት እንደሚያንስ፣ ከባዱ .458 ግን እንደሚያልፍ ያያሉ። «ሰፊ በርሜል ካልሆነ» የተባለው ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም ምክንያት አለ። ተራ የአደን አረር የተሠራው በከፍተኛ ፍጥነት ሥጋ ሲመታ ጫፉ ተከፍቶ እንዲሰፋ ነው። በ320 ሜትር ፍጥነት ሲመታ ግን ብዙውን ጊዜ አይከፈትም፤ ቀጭን ቀዳዳ ትቶ ያልፋል፣ እንስሳውም ቆስሎ ጫካ ገብቶ ሰዓታት እየተሠቃየ ይሞታል። ስለዚህ በዘገምተኛ ጥይት የሚያድን ሰው ወይ በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲከፈት ተብሎ የተሠራ አረር ይገዛል፣ ወይ ለስላሳ እርሳስ ይመርጣል፣ ወይም ሳይከፈትም ቢሆን በራሱ ሰፊ ቀዳዳ የሚተው 11 እና 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ አረር ይይዛል። በእኔ ግምት ከሦስቱ ምርጫዎች የመጨረሻው በሌሎቹ ላይ እንደ ዋስትና የሚጨመር እንጂ ብቻውን የሚበቃ አይደለም።

በርሜሉም መስማማት አለበት። በበርሜል ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ ቦዮች አረሩን እያሽከረከሩ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ያደርጉታል። ረጅም አረር ደግሞ ፈጣን መሽከርከር ይፈልጋል። የተራው .308 በርሜል አብዛኛውን ጊዜ በ10 ወይም በ12 ኢንች ርዝመቱ አረሩን አንድ ዙር ሲያዞር፣ .300 ብላክአውት በ7 ወይም በ8 ኢንች ያዞራል፤ በቅርብ ዓመታት የመጣው 8.6 ብላክአውት ደግሞ በ3 ኢንች አንድ ዙር እስከማዞር ደርሷል። መሽከርከሩ ያነሰው አረር በአየር ላይ ይገለባበጣል፤ ማፈኛ ከተገጠመ ደግሞ ገና ከአፈሙዙ ሲወጣ የማፈኛውን ውስጠኛ ግድግዳዎች እየገጨ ይሰባብረዋል።

ርቀትን በተመለከተ አጭር ስሌት እናቅርብ። በሰከንድ 320 ሜትር የሚጓዝ አረር 100 ሜትር ለመድረስ ከሰከንድ ሲሶ ትንሽ ያነሰ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የምድር ስበት ወደ ግማሽ ሜትር ያወርደዋል። ማነጣጠሪያው ለ100 ሜትር የተስተካከለ ጠመንጃ ይዞ፣ በእርግጥ 125 ሜትር ላይ የቆመን እንስሳ «100 ነው» ብሎ የተኮሰ ሰው ካሰበው ቦታ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይመታል። ይህም ሳንባ ታስቦ እግር ወይም ሆድ ማግኘት ማለት ነው። በፈጣኑ .308 ያው የርቀት ስህተት የሚያመጣው ልዩነት ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ከድምፅ የዘገየ ጥይት የቅርብ ርቀት መሣሪያ ነው፤ ከ100 ሜትር ወዲህ፣ ይበልጡንም በ50 እና በ70 ሜትር መካከል። በነገራችን ላይ ከድምፅ የዘገየ አረር ዒላማው ጋ የሚደርሰው ከተኩሱ ድምፅ በኋላ ነው፤ እንስሳው ግን በዚያች እጅግ ጥቂት ልዩነት ምንም ለማድረግ ጊዜ አያገኝም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩም ስስ ነው። ታዲያ የድምፅ ፍጥነት እዚህ ከምፅዋ ወይም ከጅቡቲ የተለየ አይሆንም? (የፊዚክስ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በከፍታው ምክንያት አይሆንም፤ በሙቀቱ ምክንያት ግን ይሆናል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊትና እፍጋት አብረው ስለሚቀንሱ፣ በድምፅ ፍጥነት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ይጣፋል፤ የሚወስነው የሙቀት መጠን ነው። በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ድምፅ በሰከንድ 331 ሜትር ይጓዛል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 ሜትር ገደማ ይጨመርበታል። የታኅሣሥ ንጋት 10 ዲግሪ ሆኖ ባሕር ዳር ላይ 337 የሆነው ፍጥነት፣ የሚያዝያ ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ ሲደርስ 349 ገደማ ይሆናል። በኮሎራዶ ተራራ ላይ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ጠዋት ደግሞ 325 ነው። በዚህ የተነሳ በሰከንድ 330 ሜትር የሚጓዝ ጥይት በሞቃት ቀን ጸጥ ብሎ፣ በዚያው ቦታ በብርዳም ጠዋት ሊጮኽ ይችላል። የአየሩ መሳሳት የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው፦ በ1,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል በአንድ ስድስተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ አረሩን የሚገታው ኃይልም በዚያው መጠን ይቀላል።

ጥያቄ፦ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለኝ፤ ቶርኖም አለኝ። ጥይት መሙላት ቀለሃውን ማጽዳት፣ ባሩድ መጨመርና አረሩን መትከል ብቻ ከሆነ ከባድ አይመስለኝም። ከድምፅ የሚዘገይ ለማድረግ ባሩዱን ማሳነስ ብቻ ነው እንዴ? ልኩን ብታወጡልን። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልኩን አናወጣም፤ ምክንያቱንም በግልጽ እንናገራለን። አንደኛ፣ በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያም ሆነ ጥይት መሥራት የተከለከለ ነው። በኮሎራዶ ጋራዥ ውስጥ በትርፍ ጊዜ የሚሠራው ሥራ በእርስዎ ሥራ ቤት ውስጥ ወንጀል ነው፤ ጠረጴዛው፣ መሣሪያውና ሰውዬው አንድ ዓይነት ቢሆኑም እንኳ። ሁለተኛ፣ «ባሩዱን ማሳነስ ብቻ» ያሉት ነገር በዚህ ሙያ ውስጥ ሰው የሚጎዳበት ዋነኛው ቦታ ነውና፣ እሱን ብናብራራው ለሌሎችም አንባቢያን ይጠቅማል።

የ.45-70 ቀለሃ እ.ኤ.አ. በ1873 ለአሜሪካ ጦር ሲወጣ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነበር፤ «70» የሚለው ቁጥርም የባሩዱን ልክ በግሬን የሚያሳይ ነው። 70 ግሬን 4.5 ግራም ገደማ ሲሆን ጥቁሩ ባሩድ ቀለሃውን ይሞላዋል። ዛሬ ሰዎች የሚጠቀሙበት ጭስ አልባ ባሩድ ግን ለተመሳሳይ ሥራ እጅግ ጥቂት ይበቃዋል። ከድምፅ በታች ለማዘግየት ደግሞ ከዚያም ይቀነሳል። እንግዲህ በሰፊው ቀለሃ ውስጥ ትንሽ ባሩድ ከታች ተበትኖ ይቀመጣል ማለት ነው። አፈሙዙ ወደ ላይ ካዘነበለ ባሩዱ በቀለሃው ግርጌ ወዳለው መለኮሻ ይጠጋል፤ ወደ ታች ካዘነበለ ወደ አረሩ ይሸሻል፤ አነዳዱም እንደዚያው ይለያያል። አንዱ ጥይት ከድምፅ አልፎ ይጮኻል፣ ቀጣዩ ደግሞ አቅም አጥቶ አረሩ በርሜሉ መካከል ተቀርቅሮ ይቀራል። ተኳሹ ድምፁ መድከሙን ሳያስተውል ሌላ ጥይት ከተኮሰ፣ ሁለተኛው አረር መውጫ ስለማያገኝ በርሜሉ ይፈነዳል።

ሁለተኛው አደጋ እጥፍ ባሩድ ነው። በተራ ጥይት ውስጥ ሁለት ጊዜ ባሩድ ከተጨመረ ቀለሃው ሞልቶ ይፈስሳል፤ ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል። በዘገምተኛው ጥይት ግን ሁለት ጊዜ ተጨምሮም ቀለሃው ግማሽ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ቀለሃዎቹን በመደርደሪያ ላይ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ካቆሙ በኋላ፣ አረር ከመትከላቸው በፊት የእጅ ባትሪ አብርተው ወደ እያንዳንዱ ቀለሃ ውስጥ ይመለከታሉ፤ የአንዱ ባሩድ ከጎረቤቱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከታየ፣ ምክንያቱን ለማወቅ ሳይከራከሩ ያንን ቀለሃ አፍስሰው እንደገና ይመዝኑታል። ሥራው የሚሠራው ስልክ ተዘግቶ፣ ሬዲዮ ጠፍቶ፣ በጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ተቀምጦ ነው።

ከዚህም በላይ፣ ቀስ ብሎ የሚነድ የባሩድ ዓይነትን አምራቹ ካወጣው ዝቅተኛ ልክ በታች ማሳነስ ጉዳትን አይቀንስም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ድንገተኛና ከመጠን ያለፈ ግፊት ያመጣል። «ባሩድ ካነሰ አደጋ ያንሳል» የሚለው እምነት ለሰው ልብ ቢቀርብም በዚህ ቦታ ሐሰት ነው። ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ይህን የሚያደርጉ ሰዎች የባሩድ አምራቹ ለዚያ አረርና ለዚያ ቀለሃ ለይቶ ያሳተመውን ልክ ብቻ ይከተላሉ፣ ከዚያም ፍጥነቱን በመለኪያ መሣሪያ ይፈትሻሉ። ከሰው አፍ የሰሙትን ልክ አይሞክሩም። እኛም የሰው አፍ መሆን አንፈልግም።

ጥያቄ፦ የአያቴ ውጅግራ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አባቴ «የዚህ ጥይት ቀለሃው እየተለቀመ፣ እርሳስ እየተቀለጠ እንደገና ይሞላ ነበር» ይላል። አሁንም ይሆን ይሆን? እሱስ ከድምፅ ይዘገያል? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ አባትዎ ያሉት የሚታመን ነው፤ በዚያ ዘመን ጥይት ራሱ በገበያ እንደ ገንዘብ እስከመገልገል የደረሰ ውድ ዕቃ ነበርና ቀለሃ የሚጣል ነገር አልነበረም። ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበሉት የግራ ጠመንጃ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር በርሜል፣ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረርና ጥቁር ባሩድ አለው። ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአፈሙዝ ሲወጣ ከድምፅ ይቀድማል፣ ርቆ ሲሄድ ግን ከድምፅ በታች ይወርዳል። ለዛሬው ርእሳችን ይበልጥ የሚቀርበው ከእሱ የቀደመው ሰናድር ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የታጠቀው ይህ ጠመንጃ 31 ግራም የሚመዝን አረር የሚልከው ከድምፅ እምብዛም ባልራቀ ፍጥነት ነበር። አሜሪካኖቹ ዛሬ በሰፊ በርሜልና በከባድ አረር የሚፈልጉት ነገር ከአያቶቻችን ጠመንጃ ብዙም የራቀ አይደለም።

ውጅግራውን ግን አይተኩሱበት። ብረቱ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ግፊት ነው፤ በዚያው ልክ ጭስ አልባ ባሩድ የገባበት ጥይት መዝጊያውን ወደ ተኳሹ ፊት ሊመልሰው ይችላል። ካለፈው ምዕተ ዓመት የቆየ ቀለሃም ነሐሱ እየተሰባበረ ስለሚሄድ ሲተኮስ ይሰነጠቃል። ምንም እንኳ ቅርስ ቢሆን የጦር መሣሪያ ነውና፣ ስለ አያያዙና ስለ ምዝገባው በአካባቢዎ ያለውን የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በጣና ዳር የሩዝ ማሳ አለን። ጉማሬ በሌሊት እየወጣ ያጠፋብናል። በጸጥታ የሚተኩስ ጠመንጃ ቢኖር መንደሩ ሳይረበሽ ይገላግለን ነበር ብለን አሰብን። ምን ትመክሩናላችሁ? (ከፎገራ)

መልስ፦ ችግራችሁ የሚናቅ አይደለም፤ አንድ ጉማሬ በአንድ ሌሊት የሚያወድመው ማሳ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ልፋት ሊሆን ይችላል። ያሰባችሁት መፍትሔ ግን በሦስት በኩል አይሆንም።

አንደኛ፣ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ የጣና ሐይቅና አካባቢውም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር (ተፈጥሮው የሚጠበቅ) ክልል ነው። ሁለተኛ፣ ጉማሬ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን የሚችል፣ ቆዳው እጅግ ወፍራም የሆነ እንስሳ ነው። ከላይ ያየነው ዘገምተኛ አረር ለአጋዘን እንኳ የቅርብ ርቀትና የተጠና ምት የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ በጨለማ ጉማሬ ላይ ቢተኮስ የሚያተርፈው የቆሰለና የተቆጣ ጉማሬ ነው፤ እሱም በነጋታው ውኃ ልትቀዳ ለወረደች ሴት ወይም ለዓሣ አጥማጅ ይተርፋል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ከማሳው ወደ ሐይቁ አቅጣጫ የተተኮሰ አረር ውኃው ውስጥ ገብቶ የሚቀር ይመስላል። ውኃውን በዝቅተኛ ማዕዘን የመታ አረር ግን ነጥሮ ይነሣል፤ ከዚያም በማይታወቅ አቅጣጫ ሩቅ ይሄዳል። ከባድና ዘገምተኛ አረር ነጥሮ ሲሄድም ክብደቱን እንደያዘ ነው። ጣና ላይ ደግሞ በሌሊት መረብ የዘረጉ ታንኳዎች አሉ፤ ብዙዎቹም መብራት የላቸውም።

እንስሳውን ለማራቅ ከሆነ ጸጥታ ጠላታችሁ ነው፤ የሚጠቅማችሁ ድምፅና ብርሃን ነው። ጉማሬ በየሌሊቱ ከውኃው የሚወጣበትን መንገድ አይለዋውጥም። ሣሩ ተረግጦ የተላገበትን፣ አራት ጣት ያለው ሰፊ ዱካ የተከማቸበትን ቦታ በቀን ለይታችሁ፣ በማሳውና በዚያ መንገድ መካከል ጥልቅ ቦይ ቆፍሩ ወይም ጠንካራ አጥር አቁሙ፤ ጉማሬ ከባድ በመሆኑ መዝለል አይሆንለትም። በሌሊት ተረኛ ጠባቂ ቆርቆሮ እየመታና ባትሪ እያበራ ይጠብቅ፤ ነገር ግን ማንም ሰው በእንስሳውና በሐይቁ መካከል እንዳይቆም፤ የደነገጠ ጉማሬ የሚሮጠው ወደ ውኃው ነውና። የጠፋውን ማሳ ስፋት፣ ቀኑንና የዱካውን ፎቶግራፍ አሰባስባችሁ በጋራ ለወረዳው የአካባቢና የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ አቅርቡ፤ አንድ ገበሬ ብቻውን ከሚያቀርበው አቤቱታ ይልቅ በቀበሌው የተፈረመበትና ቀን በቀን የተመዘገበ ማስረጃ ባለሙያውን ማሳው ድረስ ያመጣዋል።